የዝዋይ ደሴቶች፤ ከመሸሸጊያነት ወደ መዝናኛነት

የማረቆ በርበሬ ከሚነገድባት ከቆሼ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚያቆለቍለው ሜዳ የሚያደርሰው ወደ ዝዋይ ሐይቅ ነው። ደንበል የሚባለውም ይኸው ነው። ከጉራጌ ተራሮች የሚወርደው የመቂ ወንዝ ይገባበታል። በውስጡም ቱሉ ጉዶ፥ ጸደቻ፥ ፉንዱሮ፥ ደብረ ሲናና ገሊላ የሚባሉ አምስት ደሴቶች ይገኛሉ። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ፥ ሰው ወደ ደሴት የሚሻገረው ለምንድን ነው? የሚል ነው።

በዘመናችን መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ለዕረፍት ነው። ዕረፍተኛው ሸራ በተተከለበት ጣውላ ላይ ቆሞ ነፋስ እየነዳው በውሃ ላይ ይንሸራተታል፤ ወይም መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ አድርጎ ከውሃው በታች ያለውን ዓሣ ይመለከታል። መዝናኛ ሆነው ከተስፋፉ ሁለቱም ገና ቅርብ ጊዜያቸው ነው። ባለ ሸራው ጣውላ በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተፈልስፎ በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ገብቷል። የባሕር ውስጥ ትርኢት ደግሞ በእኛ አቅራቢያ ስሙ የተጠራው ዛሬ በኤርትራ ግዛት ባሉት በዳህላክ ደሴቶች ነው፤ የኢጣልያ ጠላቂዎች በዚያ ያነሡት «ስድስተኛው አህጉር» የተባለ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1954 ታይቷል።

በዝዋይ ደሴቶች የኖሩት የዘይ ሰዎች ግን የተሻገሩት ለሌላ ነገር ነው። በአፈ ታሪካቸው እንደሚነገረው፥ ዮዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ሸሽተው በቱሉ ጉዶ ሰባ ዓመት አኑረዋታል። በግራኝ ጦርነት ዘመንም ሌሎች ስደተኞች ተጨምረዋል ይባላል። ስለ ታቦቱ የሚነገረውን በዘመኑ የተጻፈ ማስረጃ ስለማይደግፈው፥ እንደ ትውፊት መያዝ እንጂ እንደ ተረጋገጠ ታሪክ መጥቀስ አይገባም። ከዚህ ይልቅ ጠንካራ ምስክር የሚሆነው ቋንቋቸው ነው። ዘይኛ የሴም ቋንቋ ሲሆን የቅርብ ዘመዶቹ ስልጥኛና ወለንኛ ናቸው፤ ከእነርሱም ቀጥሎ ሐረሪኛ። ወደ ትግርኛ ሳይሆን ወደ እነዚህ መጠጋቱ፥ የሕዝቡ ዋና ክፍል ከሩቅ ሰሜን ሳይሆን ከሐይቁ በስተ ምዕራብ ካለው አገር ሳይሻገር እንዳልቀረ የሚያመለክት ይመስለኛል። መጻሕፍትና ካህናት ከሰሜን መጥተዋል የሚለው ግን በዚህ አይፈርስም፤ ቋንቋና መጽሐፍ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ አይጓዙም።

ለሸሸ ሰው የሐይቁ ጥቅም ለመሻገር አስቸጋሪ መሆኑ ነው። ጠላት ታንኳ የለውም፤ ደሴተኛው ግን ቄጠማ አስሮ ታንኳ ይሠራል፥ ዓሣ ያጠምዳል፥ ዳገቱን በእርከን ያርሳል። ዕረፍተኛ የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ፥ ማለት መዳረሻው የቀና ደሴት ነው። ይህም የሚገኘው ፍርሃቱ ሲቀር ብቻ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርሲ በ1878 ዓ.ም. ድል ከሆነ በኋላ የመሸሸጉ ምክንያት ላላ፤ ብዙ የዘይ ቤተሰብም እየቈየ ወደ ሐይቁ ዳር ወጥቶ ሰፈረ።

መንገዱ ቢቀናም ውሃው ለዋናተኛ አልተመቸም። ዝዋይ ጥልቀቱ ከአሥር ሜትር የማይበልጥ ድፍርስ ሐይቅ ነው፤ መነጽር ያጠለቀ ሰው ከጭቃ በቀር ብዙ አያይበትም። ጉማሬና የቢልሃርዝያ በሽታም አሉበት። ስለዚህ መዋኘትና በሸራ መንሸራተት የሚሻው ሰው በስተ ደቡብ ወዳለው ወደ ላንጋኖ ያልፋል። ላንጋኖም ውሃው ቡናማ ነው፤ ነገር ግን ከቢልሃርዝያ ነጻ ነው ስለሚባል የሆቴል ሥራ የለማው በእርሱ ዳር ነው።

ወደ ቱሉ ጉዶ በሞተር ጀልባ የሚሄደው እንግዳ እንግዲህ የሚሻገረው የጽዮን ማርያምን ገዳምና የብራና መጻሕፍቱን ለማየት ነው። በዳር የሰፈሩት የዘይ ልጆች በአብዛኛው ወደ ኦሮምኛ ስላዘነበሉ፥ ከቆሼ ወገን ተሻግሯል ያልነውን ቋንቋ መስማት የሚፈልግ ተማሪም ማልዶ፥ ነፋሱ ሳይነሣ፥ ወደ ደሴቶቹ መሻገር አለበት።