«የእርግዝና ነገር ነው» ከሚለው መልስ ባሻገር፦ የነፍሰ ጡር ቃር አጭር ታሪክ

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ባሻገር በጎጃም መንገድ አዲስ አበባን ከብበው የሚገኙ ከተሞች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች የገበሬውን፣ የፋብሪካ ሠራተኛውንና የነጋዴውን ቤተሰብ በአንድነት ያስተናግዳሉ። በየጤና ጣቢያው የእርግዝና ክትትል ክፍል በተደጋጋሚ ከሚሰሙት ቅሬታዎች አንዱ ቃር ነው። ለዚህ ቅሬታ ሲሰጥ የኖረው መልስ «የእርግዝና ነገር ነው፤ ስትወልጂ ይተውሻል» የሚል ነበር። መልሱ በአብዛኛው እውነት ቢሆንም ባለሙያው ሳይጠይቅና ሳይመረምር የሚሰጠው ከሆነ የእናትን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

እናቶች ከሐኪም በፊት የራሳቸው መፍትሔ ነበራቸው። ተልባና አብሽ ለጨጓራ ሕመም ከጥንት ጀምሮ ሲጠጡ ኖረዋል። አፈር የሚያምራቸው ነፍሰ ጡሮችም አሉ፤ ሆኖም አፈር የብረት ማዕድንን ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ሊያደርግ፣ የአንጀት ጥገኛ ትላትሎችንም ሊያመጣ ይችላል። ቃር የበዛባት እናት ፀጉራም ልጅ ትወልዳለች የሚለው አባባልም በብዙ አገሮች ይነገራል። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ይህን በ64 እናቶች ላይ ፈትነው እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ሊያስተባብሉት ያሰቡት አባባል ከውጤታቸው ጋር ገጥሞ ተገኝቷል።

ሳይንሱ የዘገየው ከዚህ አባባል ብዙም በማይሻል ሁኔታ ነው። እንግሊዛዊው ዊሊያም ፕራውት ጨጓራ ውስጥ ያለው አሲድ ሃይድሮክሎሪክ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1824 ቢያሳውቅም፣ አሸር ዊንክልስታይን ይኸው አሲድ ወደ ላይ ተመልሶ የምግብ ቧንቧን እንደሚያቆስል የገለጸው በ1935 ነበር። በ1946 ከርቲስ ሜንዴልሰን ከ44,016 ወላዶች መካከል 66ቱ በማደንዘዣ ጊዜ የጨጓራ ይዘት ወደ ሳንባቸው እንደገባ ሲዘግብ፣ የነፍሰ ጡር ጨጓራ ለማደንዘዣ ባለሙያዎች ዐቢይ ጉዳይ ሆነ። በ1970ዎቹ የተደረጉ ልኬቶች ደግሞ በምግብ ቧንቧ ግርጌ ያለው ቀለበታዊ ጡንቻ እርግዝናው በገፋ መጠን እየላላ እንደሚሄድ አሳዩ። ለዚህም በዋናነት ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ተጠያቂ ሲሆን፣ የሚያድገው ማሕፀን የሚፈጥረው ግፊት ችግሩን ያባብሰዋል።

መድኃኒቱም በየዘመኑ ተለዋውጧል። አሲድ ማርከሻዎች ለረጅም ጊዜ ብቻቸውን ካገለገሉ በኋላ በ1976 ሲሜቲዲን፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ኦሜፕራዞል መጡ። ብዙ የተጻፈለት ራኒቲዲን ግን በውስጡ በተገኘ ካንሰር አምጪ ሊሆን በሚችል ንጥረ ነገር ምክንያት በ2020 ከአሜሪካ ገበያ እንዲወጣ ተደረገ። ለጨጓራ ቁስል የተሠራው ሚሶፕሮስቶል ማሕፀንን ስለሚያኮማትር ለነፍሰ ጡር ቃር ፈጽሞ አይታዘዝም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ያወጣው መመሪያ ቅደም ተከተሉን ቀላል አድርጎታል፦ በመጀመሪያ የአመጋገብና የአኗኗር ምክር፣ ይህ ካልበቃ አሲድ ማርከሻ። ማርከሻው ከብረትና ከፎሊክ አሲድ ክኒን ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ያስፈልገዋል፤ አለበለዚያ ቃሩ ሲቀል የደም ማነሱ ይባባሳል።

ምክሩ ከእናቲቱ ኑሮ ጋር ካልተገናኘ ግን ከወረቀት አያልፍም። ከፋብሪካ አምሽታ ገብታ በርበሬ የበዛበትን ወጥ በልታ ወዲያው ለምትተኛ እናት እራትን ከፍሎ መብላት፣ ከመኝታ በፊት ሁለት ሦስት ሰዓት መቆየትና ራስጌን ከፍ ማድረግ ይነገራታል። ቡና ከአቦል እስከ በረካ የምትጠጣዋ እንድትቀንስ፣ እንጨት ተሸክማ የምታጎነብሰዋ ሸክሙን የቤተሰቡ አባል እንዲጋራት ይመከራል።

ከሁሉ በላይ ሊረሳ የማይገባው የ1982 ትምህርት ነው። በዚያ ዓመት ሉዊስ ዋይንስታይን ሄልፕ ብሎ የሰየመው፣ የደም ሕዋሳት መፈራረስ፣ የጉበት መጎዳትና የፕላትሌት ማነስ የሚታይበት ከባድ የፕሪኤክላምፕሲያ መልክ፣ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከደረት አጥንት ግርጌ ወይም ከቀኝ ጎድን ሥር በሚሰማ ሕመም ነው። እናቲቱ ይህንንም «ቃር» ብላ ልትገልጸው ትችላለች። ስለዚህ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የላይኛው ሆድ ሕመም፣ በተለይም ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ሲታከልበት፣ የደም ግፊትና የሽንት ፕሮቲን ሳይለካ ማርከሻ ሰጥቶ መሸኘት አይገባም። ማግኒዢየም ሰልፌት የኤክላምፕሲያን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ በ2002 የታተመው ታላቅ ሙከራ አረጋግጧል፤ የሚጠቅመው ግን በሽታው በጊዜ ከታወቀ ነው።

በ1992 ዓ.ም. በሠለጠነ ባለሙያ የእርግዝና ክትትል ያገኙ ኢትዮጵያውያን እናቶች 27 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 62 በመቶ ደርሰዋል። እናቲቱ ከጤና ጣቢያው ደጃፍ መድረሷ ትልቅ ድል ነው። ቃሏ ተሰምቶ፣ ግፊቷ ተለክቶ ስትመለስ ድሉ ሙሉ ይሆናል።