ቀስትና ደጋን በጎጃም ደጋ

ቀስት የሰው ልጅ ከሠራቸው ጥንታውያን መሣሪያዎች አንዱ ነው። ላይ ላዩን ሲታይ የጎበጠ እንጨትና የተወጠረ ጅማት ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ ቀስት ሲሳብ የእንጨቱ ጀርባ ይለጠጣል፣ ሆዱ ይጨመቃል፤ ሁለቱን ኃይሎች ችሎ፣ ሳይሰበርና ጎብጦ ሳይቀር ወደ ቦታው የሚመለስ እንጨት ማግኘት ለጠራቢዎች ሁሉ ፈተና ሆኖ ኖሯል።

ይህን ፈተና ሕዝቦች በልዩ ልዩ መንገድ ፈትተውታል። ቱርኮችና ሞንጎሎች በእንጨቱ ሆድ ላይ ቀንድ፣ በጀርባው ላይ ጅማት በሙጫ አጣበቁ፤ ቀንድ መጨመቅን፣ ጅማት መለጠጥን ይችላልና። ጃፓኖች እንጨትን በቀርከሃ ፍላጮች መካከል አድርገው ደረቡ። እንግሊዞች ደግሞ ዪው ከተባለው ዛፍ ግንድ ነጩን ክፍል ለጀርባ፣ ቀዩን ለሆድ አድርገው በመጥረብ ተፈጥሮ ራሷ የደረበችውን እንጨት ተጠቀሙ።

በኢትዮጵያ ደጋማ ክፍል የጦረኛው ዋና መሣሪያ ጦር፣ ጋሻና ጎራዴ ነበር። ቀስትም አልጠፋም፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የግራኝ አሕመድን ዘመቻ የጻፈው አረብ ፈቂህ፣ ከአፄ ልብነ ድንግል ወገን ሆነው መርዝ የተቀባ ፍላጻ የሚወረውሩ፣ ማያ የሚባሉ ቀስተኞችን ይጠቅሳል። እ.ኤ.አ. በ1541 ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ 400 ያህል ነፍጥ የታጠቁ ፖርቱጋሎችን ይዞ ከገባ በኋላ ግን የነፍጥ ተፈላጊነት እያደገ ሄደ። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ደብረ ማርቆስ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻ በሆነችበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1882 ንጉሡ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር እምባቦ ላይ ሲዋጉ፣ ስለ ጦር ብርታት ሲነገር የሚቆጠረው ጠመንጃና ፈረስ እንጂ ቀስት አልነበረም። ቀስት ለአደንና ለመከላከያ የቆየው በምዕራቡ ቆላ፣ በጉሙዝ ሕዝብ ዘንድ ነው።

በደጋው ቀስት ከጦር ሜዳ ቢርቅም ቅርጹና ጥበቡ በቤት ውስጥ ኖሯል፤ ስሙም ደጋን ነው። ከቆላ የመጣው ጥጥ በመዳመጫ ፍሬው ከተለየ በኋላ ሴቶች በደጋን ይነድፉታል። የደጋኑ ጅማት ከጥጡ መካከል ገብቶ በጣት ሲነጠቅ ይንቀጠቀጣል፤ ንቅጥቃጤውም የተጣበቀውን ጭረት አላቅቆ ባዘቶ ያደርገዋል። ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፤ ድሩና ማጉ ወደ ሸማኔ ይሄዳል። የማሲንቆ መምቻም እንዲሁ የጎበጠ እንጨትና የተወጠረ የፈረስ ጭራ ነው፤ እርሱም ደጋን ይባላል።

የጦር ቀስትና የፈታይ ደጋን በቅርጽ ቢመሳሰሉም በሥራ ይለያያሉ። የጦር ቀስት ኃይልን አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ለፍላጻው ይሰጣል፤ ስለዚህ ድርብ አሠራር ይጠቅመዋል። ደጋን ግን የሚፈለግበት ጅማቱን ወጥሮ መያዝና ንቅጥቃጤን ማስተላለፍ ነው፤ ለዚህም አንድ ቀጭን ተጣጣፊ ዘንግ ይበቃዋል። በአዊና በአካባቢው ቀርከሃ ሞልቶ ሳለ የደጋው ደጋን ያለ ሙጫና ያለ ድርብ መኖሩ የጥበብ ማነስ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ መሣሪያው ለሥራው ልክ የሆነ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1961 የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጣሊያን የጦር ካሣ ከተቋቋመ ወዲህ፣ የፋብሪካ ድር በገበያ በተስፋፋ ቁጥር የደጋን ሥራ እየቀነሰ መጥቷል። የጦር ቀስት ሲቀር ቦታውን የያዘው ጠመንጃ በየታሪኩ ተጽፏል፤ ደጋን ሲቀር ግን የሚጽፍለት የለም። ዕውቀቱ በእናቶች እጅና በጠራቢዎች ዓይን የሚኖር በመሆኑ ከባለቤቶቹ ጋር ያልፋል። የዘንጉ ዓይነትና ርዝመት፣ የጉብጠቱ መጠን፣ የጅማቱ አወጣጠር ባለሙያዎቹ በሕይወት ሳሉ ተለክቶና ተሥሎ ሊቀመጥ ይገባል፤ ይህም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ መለኪያ፣ ወረቀትና ወደ ፈታዮቹ ደጃፍ የሚሄድ ሰው ይበቃዋል።