ጆርጅ ዋሽንግተን፦ ከእርሻ ወደ ሥልጣን፣ ከሥልጣን ወደ እርሻ

የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በጦር መሪነታቸውና በሀገር መሥራችነታቸው ይታወቃሉ። የኑሯቸው መሠረት ግን እርሻ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋሽንግተን ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1732 በቨርጂኒያ ተወለዱ። አባታቸው ሲሞቱ የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። የመሬት ቅየሳ ተምረው በ17 ዓመታቸው የአንድ አውራጃ ቀያሽ ሆኑ። በፖቶማክ ወንዝ ዳር የሚገኘውን የማውንት ቨርነን ርስት በ1754 በኪራይ ያዙ፤ በ1761 ደግሞ ወረሱት።

በዚያ ዘመን የቨርጂኒያ ዋና የገበያ ሰብል ትምባሆ ነበር። ትምባሆ የመሬቱን ለምነት ያሟጥጣል፤ ሽያጩም በለንደን ነጋዴዎች እጅ ነበር። ዋሽንግተን ከነጋዴዎቹ ዕቃ በዱቤ ይወስዱ ስለነበር ዕዳ ውስጥ ገቡ። በ1760ዎቹ አጋማሽ ትምባሆን ትተው ስንዴን ዋና ሰብላቸው አደረጉ። ወፍጮ ካቆሙ በኋላም ዱቄት ወደ ካሪቢያን ደሴቶች መላክ ጀመሩ።

በ1775 ቅኝ ግዛቶቹ በእንግሊዝ ላይ ሲነሡ የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ ሆነው ተሾሙ። ጦርነቱ በድል ሲጠናቀቅ፣ በዲሴምበር 1783 ሥልጣናቸውን ለምክር ቤቱ አስረክበው ወደ እርሻቸው ተመለሱ።

የተጎዳውን መሬት ለማዳን ሰብል ያፈራርቁ፣ የማገጥ ወገን የሆኑ የመኖ ተክሎችን ይዘሩ፣ ፍግም ያጠራቅሙ ነበር። የስፔን ንጉሥ በላኩላቸው ወንድ አህያ በቅሎ ማርባት ጀመሩ። በ1790ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ 16 ጎን ያለው አውድማ ቤት አሠሩ። ፈረሶች በላይኛው ወለል እየዞሩ ስንዴውን ሲያበራዩ፣ ፍሬው በጣውላዎቹ ክፍተት ወደ ታች ይወርዳል። እህሉም ከዝናብና ከጭቃ ይጠበቃል።

በኤፕሪል 1789 በመራጮች ሙሉ ድምፅ ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በ1796 ለምክር ቤቱ ባቀረቡት የመጨረሻ ዓመታዊ ንግግር መንግሥት እርሻን የሚያግዝ ቦርድ እንዲያቋቁም ጠየቁ፤ ጥያቄያቸው ግን በዘመናቸው አልተፈጸመም። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1862 ነው። ዋሽንግተን ከሁለት የሥልጣን ዘመን በኋላ፣ በማርች 1797 በፈቃዳቸው ወንበራቸውን ለቀቁ።

መሬቱን የሚያርሱት፣ የሚያጭዱትና የሚወቁት ግን በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና ዘሮቻቸው ነበሩ። በ1799 በማውንት ቨርነን 317 ባሪያዎች ይገኙ ነበር። ከእነርሱ 123ቱ የዋሽንግተን ሲሆኑ፣ ከቀሩት አብዛኞቹ በሕግ የባለቤታቸው የማርታ የመጀመሪያ ባል ወራሾች ንብረት ተደርገው ይቆጠሩ ነበር።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር 12 በበረዶና በዝናብ ውስጥ በፈረስ ሆነው እርሻዎቻቸውን ሲቃኙ ዋሉ። ብዙም ሳይቆይ ጉሮሯቸውን ታመው፣ ዲሴምበር 14 በ67 ዓመታቸው ዐረፉ። በኑዛዜያቸው የራሳቸው ባሪያዎች ማርታ ሲሞቱ ነፃ እንዲወጡ አዘዙ፤ ማርታም በሕይወት ሳሉ፣ በጃንዋሪ 1801 ነፃ አወጧቸው። የወራሾቹ ንብረት የተባሉት ግን በባርነት ቀሩ። ከሁለቱ ወገን ተጋብተው ቤተሰብ የመሠረቱትም ገሚሱ ነፃ፣ ገሚሱ ባሪያ ሆነው ተለያዩ።