በስሜን ግርጌ እንግዳ ማሳደር፦ ከድርጎ እስከ ንግድ ፈቃድ

ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚወስደው ጥንታዊ የንግድ መንገድ የወገራን ደጋ አቋርጦ፣ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ፣ በሊማሊሞ ገደል ወደ ቆላው ይወርድ ነበር። ከዚያ በአዲ አርቃይ በኩል ተከዜን ተሻግሮ ሽሬና አድዋ ይገባል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1770 ወደ ጎንደር የገባው ይህንኑ ገደል ሽቅብ ወጥቶ ነው። ጭነት ያለው መንገደኛ ገደሉን በማለዳ መጀመር ስለነበረበት ከአፋፉ ላይ አንድ ሌሊት ማደሩ አይቀርም። የአካባቢውን የእንግዳ ደንብ ከቀረጹት ነገሮች አንዱ ይህ አስገዳጅ አዳር ሳይሆን አይቀርም።

በመንገዱ ላይ በገንዘብ የሚያሳድር ቤት አልነበረም። ሲራራ ነጋዴ ከመንደር ዳር ድንኳኑን ተክሎ፣ አጋሰሱን አስሮ፣ ዘብ አቁሞ ያድራል፤ ሙስሊም ነጋዴ ደግሞ የሃይማኖት ወንድሙ ያለበትን መንደር ይመርጣል። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ግን ሲመሽበት ከአንድ ገበሬ ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል። ባለቤቱ ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ፣ የማን ወገን ነህ ብሎ ይጠይቃል። እንግዳው ከገባ እግሩ ይታጠባል፤ መደቡ ላይ አጎዛ ይነጠፍለታል፤ ስሜን የገብስ አገር ነውና ቆሎውም ጠላውም ከገብስ ነው። ክፍያ አይጠየቅም፤ መጠየቁም ነውር ነው።

ይህ ደግነት ብቻ አልነበረም። በመንደሩ ስርቆት ወይም ግድያ ሲደርስ ሕዝቡ በአውጫጭኝ ተሰብስቦ ጥፋተኛውን እስኪያወጣ ድረስ ከቦታው አይነሳም፤ ካልተገኘም ካሳውን አገሬው በጋራ ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ ጎረቤት ማን ቤት ማን እንዳደረ ማወቁ ወሬ መውደድ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ያሳደረ ሰው ለእንግዳው በጎም ሆነ ክፉ ሥራ መልስ ሰጪ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ሕግ ሁሉ፣ ገንዘቡን ትተን ካየነው፣ የሚያነሳው ይህንኑ ጥያቄ ነው፦ ለዚህ እንግዳ ተጠያቂው ማን ነው?

ሹመኛ የላከው እንግዳ ሲሆን ነገሩ መልኩን ይለውጣል። እንዲህ ያለው እንግዳ ከሹሙ ጋር የሚያገናኘውና ጉዳዩን የሚከታተልለት ባልደራባ ይሰጠዋል፤ በየደረሰበትም ድርጎ ይታዘዝለታል። የመንደሩ ጭቃ ሹም እንጀራውን፣ ዶሮውን፣ ማሩን፣ የበቅሎውን ገብስ ከየቤቱ ያዋጣል። በ19ኛው መቶ ዘመን ስሜንና ትግራይን የገዙት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የውጭ ሰዎችን በዚህ ሥርዓት ተቀብለዋል፤ ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር በእሳቸው ዘመን ገብቶ በዚያው አገር ቀርቷል። የዘመኑ አውሮጳውያን መንገደኞች መጻሕፍት ድርጎ ዘገየብን፣ መንደሩ እምቢ አለን በሚል እሮሮ የተሞሉ ናቸው። የዚያን ምሽት ታሪክ ዶሮዋን የተነጠቀችው ባልቴት ጽፋው ቢሆን ሌላ መልክ በኖረው ነበር።

ከድርጎ የከፋው የወታደር ማረፊያ ነበር። ወታደር በየገበሬው ቤት እየተመራ ሲገባ እህሉን ይበላል፣ ባለቤቱን ያዛል፣ መቼ እንደሚወጣም አይታወቅም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ክፉ ቀን ከተባለው ረሀብ በኋላ የአሥራት ግብር ሲያውጁ አንዱ ምክንያታቸው ይህ ነበር፦ ገበሬው ከምርቱ አሥራቱን ይስጥ፣ ወታደሩ ከቤቱ ይውጣ። አዋጁ በሁሉም ቦታ እኩል ባይሠራም፣ ማን በማን ቤት ማረፍ እንደሚችል በመንግሥት ደንብ ለመወሰን ከተደረጉት ሙከራዎች አንዱ ነው።

በኢትዮጵያ በገንዘብ የሚያሳድር የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል የተከፈተው በአዲስ አበባ ነው፤ መሥራቿ ግን ዘራቸው ከስሜን ይመዘዛል። የምኒልክ ባለቤት እቴጌ ጣይቱ የብጡል ኃይለ ማርያም ልጅ፣ የደጃዝማች ውቤ የወንድም ልጅ ናቸው። በ1890ዎቹ መጨረሻ እቴጌ ሆቴልን ሲከፍቱ በልቶ መክፈል ለመኳንንቱ እንግዳ ነገር ሆኖባቸው፣ ምኒልክ ራሳቸው ሄደው በልተው በመክፈል ማስለመድ ነበረባቸው ይባላል። ታሪኩ ሲነገር ሳይዋብ አልቀረም። ሆኖም እንግዳ በነጻ በሚበላበት አገር ዋጋ መጥራት ምን ያህል ከባድ እንደነበር በደንብ ያሳያል።

ደባርቅ ላይ ዋጋ መጥራትን ያስለመደው ከሆቴል ይልቅ የመኪና መንገድ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ጎንደርን ከአስመራ ጋር ሲያገናኙ የሊማሊሞን ገደል በጠመዝማዛ መንገድ ቆረጡት። በአፋፉ ላይ ወልቅፊት የነበረው ጦራቸው እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነበር፤ መንገዱ ግን ቀረ። ያን ጠመዝማዛ በጨለማ ለመሞከር የሚደፍር ሹፌር ጥቂት ስለነበር የጭነት መኪናና አውቶቡስ ደባርቅ ወይም ዳባት ላይ ይቆማል። ጠላና ጠጅ የሚሸጡ ሴቶች ከጓዳቸው ጎን አንድ ሁለት ክፍል ጨምረው አልጋ ማከራየት ያዙ። ክፍሉ በጭቃ የተመረገ ነው፤ ውስጡ የሽቦ አልጋ፣ ኩራዝ፣ ከአልጋው ሥር ፖፖ፣ በምስማር ላይ የተሰቀለ መስታወት። ሒሳብ የሚከፈለው ማታ ነው፤ መንገደኛው ጎህ ሳይቀድ ይነሳልና ባለቤቲቱ በብርድ ተነስታ ልትጠብቀው አትችልም። ዛሬም የከተማው ሰው «አልጋ አለ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው።

ይህን ንግድ ክፉኛ ያናጋው የደርግ አዋጅ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ ሁሉ የመንግሥት አደረገ፤ አንድ ሰው ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ከለከለ፤ ቤት አከራይቶ መኖርንም ከግለሰብ እጅ አወጣ። ወርኃዊ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነ ቤት ወደ ቀበሌ ሄደ። በትንሽ ከተማ አብዛኛው ቤት ከዚህ በታች ስለሆነ፣ እንደ ደባርቅ ባለ ቦታ ዋናው አከራይ ቀበሌ ሆነ ማለት ነው። ቀበሌው ከአከራይነቱም ሌላ ሥራ ነበረው። መንገደኛ የይለፍ ወረቀት ይጠየቃል፤ ዘመዱ ቤት ያደረ እንግዳ ሳይቀር ለቀበሌ ይነገራል። በአውጫጭኝ ጊዜ ጎረቤት በዓይኑ የያዘውን አሁን መዝገብ ያዘው።

በዚህ መሐል ሌላ ዓይነት እንግዳ መጥቷል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ በመጀመሪያው የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት 12 ቦታዎች አንዱ አደረገው። ዋልያንና ጭላዳን ሊያይ የመጣ ሰው እንደ ድሮው ወደ ገበሬ ቤት አይመራም። ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፣ የመግቢያ ይከፍላል፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ይመደብለታል፤ የሚያድረውም በተወሰኑት ሰፈሮች፣ በሳንቃበር፣ በግጭ ወይም በጨነቅ ነው። ስካውቱን ያየ የታሪክ አንባቢ ባልደራባውን ማስታወሱ አይቀርም፤ ሁለቱም ይጠብቃሉ፣ ሁለቱም ያያሉ። ጋይዶቹ፣ ምግብ አብሳዮቹና የበቅሎ አከራዮቹም በማኅበር ተደራጅተው በተራ ይሠራሉ፤ ተራው ባይኖር ገቢው በጥቂት ሰዎች እጅ በቀረ ነበር።

ደርግ ከወደቀበት ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ቤት ማከራየት ለግለሰብ ተመለሰና በደባርቅ ዋና መንገድ ግራና ቀኝ ባለፎቅ ሆቴሎችና ፔንሲዮኖች ተሠሩ። በኢትዮጵያ ሚሊኒየም ዋዜማ ደግሞ ከ3,200 ሜትር በላይ በሆነው በቡይት ራስ ስሜን ሎጅ ተከፈተ፤ በኋላም ከሊማሊሞ አፋፍ ላይ ሌላ ሎጅ ተጨመረ። ደንቡ ግን ለአንድ ነዋሪ ቀላል አልሆነም። መኖሪያ ቤቱን በወር የሚያከራይ ሰው የኪራይ ገቢ ግብር የሚከፍለው በሠንጠረዥ «ለ» ነው። አልጋ በሌሊት የሚያከራይ፣ ቁርስም የሚያቀርብ ከሆነ ግን ነጋዴ ነው፤ ንግድ ፈቃድ ያወጣል፣ ግብሩም በሠንጠረዥ «ሐ» ይታሰባል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ቤት ወይም ክፍል ያከራየ ሁሉ የተከራዩን ማንነት መዝግቦ በ24 ሰዓት ውስጥ ለአቅራቢያው ፖሊስ እንዲያሳውቅ አስገደደ፤ የውጭ አገር ሰው ያስጠጋም የፓስፖርቱን ቅጂ ማቅረብ ነበረበት። ያ አዋጅ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተካ፤ የአልጋ ቤቱ መዝገብ ግን ልማድ ሆኖ ቀርቷል፦ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ከየት፣ ወዴት። ገበሬው ደጁ ላይ ከሚጠይቀው ብዙም የተለየ አይደለም።

ከደንቡ በላይ የከበደው የሰላም ማጣት ነበር። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተመዝግቦ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ከዚያ በፊት ከ400 በላይ የግጭ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረው ነበር። ብዙም ሳይቆይ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ውጊያው ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ሲደርስ አልጋውን የያዘው ጎብኚ ሳይሆን ተፈናቃይ ነበር፤ ብዙዎችም በነዋሪው ቤትና በትምህርት ቤቶች ተጠለሉ። በዳባት አቅራቢያ ዓለምዋጭ ላይ ለኤርትራውያን ስደተኞች ጣቢያ ተከፈተ።

በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ዓላማው ነዋሪ ተከራይን መጠበቅ እንጂ አዳሪ መንገደኛን ማስተዳደር አይደለም። ክፍሉን ለሦስት ሌሊት የሚያከራይ የደባርቅ ነዋሪ አሁንም የሚገዛው በንግድ ፈቃዱ፣ በግብር ሕጉና በእንግዳ መዝገቡ ነው።