ያልተባለውን ማን ይሙላ?

አንድ ሰው «ስጠው» ቢለኝ ግሱ ብቻውን ብዙ ነገር ይነግረኛል። ሰጪው እኔ ነኝ፣ ተቀባዩ አንድ ወንድ ነው። የሚሰጠው ነገር ግን አልተነገረኝም። ያኔ ሦስት ምርጫ አለኝ። «ምኑን?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ወይም የተለመደውን ገምቼ እሰጣለሁ፤ ወይም ደግሞ ምንም ሳልል ባዶ እጄን እዘረጋለሁ።

የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎችም ከዚህ ምርጫ አያመልጡም። አንድ ፈንክሽን ሦስት ነገር ተቀብሎ እንዲሠራ ተጽፎ ሁለት ብቻ ቢደርሰው ምን ያድርግ? እንደ ጃቫ ያሉት ቋንቋዎች ጉድለቱን ፕሮግራሙ ገና ሳይነሳ በር ላይ ይይዙታል። ዳይናሚክ በሚባሉት ቋንቋዎች ግን ጥያቄው ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ነው። መልሳቸውም እንደየዘመናቸው ይለያያል።

ጥያቄውን በደንብ ካሰቡበት አንዱ ሊስፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 መግለጫው በመጽሐፍ በወጣው ኮመን ሊስፕ፣ አንድ ግብዓት ቢቀርም ችግር እንደሌለው ማወጅና ሲቀር የሚተካውን ዋጋ መጻፍ ይቻላል። ከዚያም አልፎ «ይሄ ዋጋ ከጠሪው የመጣ ነው ወይስ እኔ የሞላሁት?» ለሚለው መልስ የሚይዝ ተጨማሪ ስም መስጠት ይቻላል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ዜሮ መስጠትና ምንም አለመስጠት አንድ አይደሉም።

በ1970ዎቹ በዜሮክስ ፓርክ የምርምር ማዕከል የተወለደው ስሞልቶክ ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠ። እዚያ የመልእክቱ ስም ራሱ ክፍት ቦታዎቹን ይዞ ነው የሚመጣው፤ «እዚህ ቦታ ላይ፦ ይሄን አስቀምጥ፦» እንደማለት። ሁለተኛውን ክፍል ብትተዉት ጎደሎ መልእክት አይሆንም። «እዚህ ቦታ ላይ፦» የሚል ሌላ መልእክት ይሆናል፣ ትርጉሙም «እዚያ ያለውን አምጣ» ነው። ተቀባዩ የማያውቀው መልእክት ከደረሰው «አልገባኝም» ይላል።

በ1991 ጊዶ ቫን ሮሰም ለሕዝብ ያቀረበው ፓይተን ከጠያቂዎቹ ወገን ነው። ተተኪ ዋጋ ያልተጻፈለት ነገር ከጎደለ ሥራውን ያቆማል። የዛሬው ፓይተን እንዲያውም የጎደለውን በስሙ ጠርቶ ይነግራችኋል።

ከዚያ ጃቫስክሪፕት መጣ። በግንቦት 1995 ብሬንደን አይክ ኔትስኬፕ ውስጥ የመጀመሪያውን ናሙና በአሥር ቀን ሠራው። ቋንቋው የታሰበው ድረ ገጽ ላይ ጥቃቅን ነገር ለሚጨምሩ ሰዎች ጭምር ነበር። ከስህተት በኋላ ኮዱ ራሱ ሁኔታውን የሚያስተናግድበት ትራይ እና ካች የሚባለው ዘዴም ያኔ አልነበረውም፤ በቋንቋው ደረጃ መግለጫ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። እናም የጎደለ ነገር ሲያጋጥመው ቋንቋው አይጠይቅም። ክፍት ቦታው ላይ «አንዲፋይንድ» የሚባል ባዶ ዋጋ ያስቀምጥና መንገዱን ይቀጥላል።

ይሄ ዝምታ ምን እንደሚያስከፍል የገባኝ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ጠቅላላ ዋጋ የሚያሰላ ፈንክሽን ላይ ሦስተኛ ግብዓት ጨመርኩ፤ ቅናሽ። የሚጠሩትን ቦታዎች ሁሉ አስተካከልኩ፣ አንዷን ረሳሁ። ጃቫስክሪፕት ውስጥ ከአምስት መቶ ላይ አንዲፋይንድ ሲቀነስ ውጤቱ «ናን» ነው፤ ቁጥር አይደለም ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው መስመር «ደንበኛው ያለው ብር ከጠቅላላው ካነሰ ከልክል» ይላል። ከናን ጋር የሚደረግ የማነስና የመብለጥ ንጽጽር ሁልጊዜ ሐሰት ነው። ስለዚህ ማንም አልተከለከለም። ኤረር የለም፣ ቀይ መስመር የለም፤ ትዕዛዙ ዝም ብሎ አለፈ። ስህተቱን ያገኙት አንዲት ባለሱቅ ናቸው። ደውለው «ልጄ፣ ዕቃው ወጥቷል፤ ብሩስ የታለ?» አሉኝ።

እውነት ለመናገር ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን ፓይተን ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ትዕዛዝ ላይ ቆሞ ይነግረኝ ነበር።

የጃቫስክሪፕት ጸሐፊዎች ለዓመታት ቀዳዳውን በዘዴ ሲደፍኑ ኖረዋል። «የተሰጠኝን፣ ካልሆነም አሥርን ውሰድ» የምትል አጭር አጻጻፍ ነበረቻቸው። ችግሩ፣ ለዚያች አጻጻፍ ዜሮም እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ቅናሹ ዜሮ ይሁን ብላችሁ ብትልኩ አሥር ይሆንባችኋል። ሊስፕ በ1984 የለየው ልዩነት እዚህ ተመልሶ ጠፋ። በ2015 ቋንቋው ተተኪ ዋጋን በግልጽ መጻፍ ፈቀደ፤ ዜሮም ዜሮ ሆኖ ቀረ። ዝምታው ግን አልተነሳም። እስከዚያ ድረስ በዝምታው ላይ ተደግፈው የተሠሩ ድረ ገጾች ድሩን ሞልተውታል፤ ሕጉ ዛሬ ቢጠብቅ እነሱ ይፈርሳሉ። ማይክሮሶፍት በ2012 ያወጣው ታይፕስክሪፕት ጥያቄውን ፕሮግራሙ ከመነሳቱ በፊት የሚጠይቀው ለዚህ ነው፤ ከታች ያለውን መንካት ስለማይቻል ከላይ ጠባቂ አቆመ።

በአሥር ቀን የተሠራ ናሙና ከሠላሳ ዓመት በኋላም የሰው ሒሳብ ውስጥ አለ። ቋንቋው ዝም ሲል ጉድለቱ አይጠፋም፤ ከጻፈው ሰው እጅ ወጥቶ ወደሚጠቀመው ሰው ይሻገራል። እኔ ያልጻፍኩትን አንዲት ቃል የከፈሏት ኮድ ምን እንደሆነ የማያውቁ ሴትዮ ናቸው።

አሁን ገንዘብ የሚነካ ፈንክሽን ስጽፍ የመጀመሪያው መስመር የሚያሰላ አይደለም። የሚጠይቅ ነው፦ ምኑን?