ማመሳከሪያ ቮልቴጅ

ማመሳከሪያ ቮልቴጅ የሞተር መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ለሴንሰሮች የሚያከፋፍለው የተረጋጋ 5 ቮልት ነው። መካኒኮች «ሪፈረንስ» ወይም በቀጥታ «አምስት ቮልቱ» ይሉታል። የኤክስካቫተር፣ የዶዘርና የግሬደር ባትሪ 24 ቮልት ቢሰጥም፣ ሞተር ሲነሳ ይወርዳል፤ ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ ከ27 በላይ ይወጣል። እንዲህ በሚዋዥቅ ኃይል የዘይት ግፊትን መለካት አይቻልም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ከ24ቱ ላይ የራሱን ቋሚ 5 ቮልት ያዘጋጃል፤ ሴንሰሩ የሚልከውንም ምልክት ከዚያ ጋር እያመሳከረ ያነባል። ነጋዴ በአንዱ ሰሃን ያስቀመጠው የሚዛን ድንጋይ ከጎደለ በሌላው ሰሃን ያለው እህል ሁሉ በስህተት እንደሚመዘን፣ 5 ቮልቱ ከተዛባ በእሱ ላይ ያሉት ንባቦች በሙሉ ይዛባሉ።

የዘይት፣ የናፍጣና የአየር ግፊት ሴንሰሮች አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ገመድ አላቸው። በአንዱ 5 ቮልቱ ይገባል፤ በሁለተኛው ወደ ኮምፒውተሩ ይመለሳል፤ በሦስተኛው ምልክቱ ይሄዳል። ጤነኛ ምልክት በጥቅሉ ከ0.5 እስከ 4.5 ቮልት ባለው ክልል ውስጥ ይመላለሳል። ከዚህ በታች ወይም በላይ ያለው ክፍተት ሆን ተብሎ የተተወ ነው፤ ምልክቱ እዚያ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ግፊቱ ሳይሆን ገመዱ ወይም ሴንሰሩ እንደተበላሸ ያውቃል። የሙቀት ሴንሰሮች ባለ ሁለት ገመድ ስለሆኑ በ5 ቮልቱ መስመር ላይ አይንጠለጠሉም። የመመለሻ ገመዱን ግን ከግፊት ሴንሰሮች ጋር የሚጋሩበት ሞተር ብዙ ነው።

አንድ የ5 ቮልት መስመር ለበርካታ ሴንሰሮች ስለሚከፈል፣ ከመካከላቸው አንዱ በውስጡ ሾርት ካደረገ ሁሉንም ይዞ ይወድቃል። ያኔ የዘይት ግፊቱም፣ የአየር ግፊቱም፣ የናፍጣ ሬይሉም የብልሽት ኮድ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። ባገለገሉ ማሽኖች ላይ ከሁሉ የከፋው የገንዘብ ብክነት እዚህ ላይ ይፈጸማል፦ ኮድ በተቆጠረ ቁጥር ሴንሰር ይገዛል፣ ሁሉም ይቀየራል፣ ኮዶቹ ግን አይጠፉም። ብዙ ኮድ በአንድ ቅጽበት ከመጣ ብዙ ሴንሰር አንድ ላይ ሞቷል ማለት ዘበት ነው፤ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የሚጋሩት መስመር ነው።

አምራቾቹ ለዚህ መስመር የተለየ ኮድ አላቸው። በኮማትሱ ፒሲ200-8 ላይ ሲኤ352 የመጀመሪያው የሴንሰር መመገቢያ ቮልቴጅ ማነሱን፣ ሲኤ386 መብዛቱን፣ ሲኤ187 እና ሲኤ227 ደግሞ የሁለተኛውን መስመር ማነስና መብዛት ይናገራሉ። በቆዩ የካተርፒላር ሞተሮች ኮዱ 262 ነው፤ 262-03 ሲሆን ከፍ ማለቱን፣ 262-04 ሲሆን ዝቅ ማለቱን ያመለክታል። ከሌሎቹ ኮዶች መካከል ከእነዚህ አንዱ ካለ ሥራው የሚጀመረው ከእሱ ነው። የቀሩት በአብዛኛው ተከታዮቹ ናቸው።

ማሽኑ ያገለገለ ከሆነ መስመሩ የሚጎዳበት ምክንያት ብዙ ነው። ገመዱ በንዝረት ብዛት ከብረት ጋር ተፋትጎ ላስቲኩ ይበላል፤ ማቀፊያው ተሰብሮ በጭስ ማውጫው ላይ ይተኛል፤ የቀድሞው ጠጋኝ ቆርጦ በፕላስተር የቀጠለው ቦታ ክረምት ሲገባ እርጥበት ይስባል። ሞተሩን በከፍተኛ ግፊት ውሃ ማጠብም ሶኬት ውስጥ ውሃ ያስገባል፤ ፒኖቹ አረንጓዴ ዝገት ያወጣሉ።

መልቲሜትር ከመነሳቱ በፊት ማሽኑ የቆመበት ቦታም ፍንጭ ይሰጣል። በጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ በሰሜን አቸፈር ወረዳ የምትገኘው ቁንዝላ ከባድ ማሽን የምታውቅ ከተማ ናት፤ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ውሃውን ከሐይቁ የሚወስደው በእሷ አቅራቢያ ነው። ከአዲስ አበባ መለዋወጫ እስኪመጣ መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ፣ እዚያ የቆመ ማሽን ላይ በግምት ሴንሰር መቀየር አያዋጣም። ቦታው ራሱ ግን አንድ መለኪያ በነጻ ይሰጣል። የሐይቁ ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ በመሆኑ የአየር ግፊቱ ወደ 82 ኪሎ ፓስካል ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ ባለው ጅቡቲ ወደብ ግን 101 ገደማ ነው። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የከባቢ አየር ግፊት ሴንሰር ቁንዝላ ላይ ወደ 82 ማሳየት አለበት። ጠቅላላ ግፊትን የሚለካው የማስገቢያ አየር ሴንሰርም እንዲሁ። አንዳንድ ስክሪን የከባቢውን ግፊት ቀንሶ ዜሮ ስለሚያሳይ ይህን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያሻል። እዚያው ቆሞ 101 የሚል ማሽን ካለ ወይ ሴንሰሩ ይዋሻል፣ ወይ ኮምፒውተሩ ምልክት አጥቶ ከራሱ የተተካ ቁጥር እያነበበ ነው።

ለዋናው ምርመራ ዲጂታል መልቲሜትርና የማሽኑ የገመድ ሥዕል ይበቃል። ቁልፉ ተከፍቶ፣ የአንዱ ሴንሰር ሶኬት ተነቅሎ፣ በመመገቢያውና በመመለሻው ፒን መካከል ያለው ቮልቴጅ ይለካል። ከ4.75 እስከ 5.25 ከሆነ በተለምዶ ደህና ነው። ዝቅ ካለ ወይም ዜሮ ከሆነ መልቲሜትሩ እንደተገናኘ ይቆይና በዚያው መስመር ያሉት ሌሎች ሴንሰሮች አንድ በአንድ ይነቀላሉ። አንዳንድ ኮምፒውተር የዘጋውን መስመር መልሶ የሚከፍተው ቁልፉ ተዘግቶ ሲከፈት ብቻ ስለሆነ፣ ከእያንዳንዱ ነቀላ በኋላ ይህን ማድረግ ይገባል። ይህ ስለሚዘለል ብቻ ጥፋተኛው ሴንሰር እጅ ላይ ሳለ የሚታለፍበት ጊዜ አለ። 5 ቮልቱ የተመለሰው የትኛው ሲነቀል ነው? ያ ሴንሰር ተመልሶ ሲሰካ ቮልቴጁ ዳግም ከወደቀ ጥፋቱ ተረጋገጠ።

ሁሉም ተነቅለው 5 ቮልቱ ካልተመለሰ ተጠርጣሪው ገመዱ ነው። ቁልፉ ተዘግቶ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ተፈትቶ፣ የኮምፒውተሩ ሶኬት ተነቅሎ በመመገቢያ ገመዱና በሻሲው መካከል ያለው ሬዚስታንስ ይለካል፤ ምንም ግንኙነት መኖር የለበትም። በተቃራኒው ቮልቴጁ ከ5.25 በላይ ወጥቶ ወደ 24 ከተጠጋ የባትሪ ገመድ ከመስመሩ ጋር ተነካክቷል ማለት ነው። ከመመለሻው ፒን ጋር ሲለካ 5 ቮልት የማይገኝ፣ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ሲለካ ግን የሚገኝ ከሆነ የተበጠሰው መመለሻው ነው፤ ያኔ የሙቀት ሴንሰሮችም አብረው «ቮልቴጅ በዝቷል» የሚል ኮድ ያወጣሉ። በሚለካበት ጊዜ የገመዱን ላስቲክ በመርፌ መብሳት ለነገ ዝገት በር መክፈት ነው።

ኮምፒውተሩ የሚጠረጠረው ሴንሰሮቹና ገመዱ ነጻ ከወጡ፣ የሚመግበው 24 ቮልትና ግራውንዱም ከተረጋገጡ በኋላ ብቻ ነው። የባልዲ ብየዳ ሲሠራ ባትሪውን ሳይፈቱ፣ የኮምፒውተሩንም ሶኬት ሳይነቅሉ መበየድ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ የማሽኑ የብየዳ ታሪክ እዚህ ላይ ይጠየቃል። ገመዱ ተጠግኖ ከሆነ ከሞቃትና ከሚንቀሳቀስ ብረት ርቆ ይታሰራል፤ ኮዶቹ ይሰረዛሉ፤ ማሽኑም የሥራ ሙቀቱ ላይ እስኪደርስ በጭነት ይሠራል። ንዝረት የሚገልጠው ብልሽት ቆሞ በሚለካ ማሽን ላይ አይታይምና፣ ገመዱን በእጅ እያነቃነቁ ቮልቴጁን መከታተል የምርመራው የመጨረሻ ክፍል ነው።