መርፌ የያዘች እጅ

ሐሙስ ሄርማታ ገበያ ስትወጡ ለአንድ አፍታ ዕቃውን ተዉትና እጆችን ተመልከቱ። ከአንድ ግንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚፈለፍለው ሰው መሣሪያውን አጥብቆ የሚይዘው አውራ ጣቱ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር ስለሚገጥምለት ነው። ቀዩን ቡና ከአረንጓዴው ለይታ የምትለቅመው እናት፣ ትኩስ ስኒ በጫፉ ይዛ የምታቀርበው እኅትም እንዲሁ። ዛሬ የማጫውታችሁ ይህ ችሎታ ስለጠፋባቸውና በሐኪም ምላጭ፣ ቀጥሎም በእጅ ጥበብ ስለተመለሰላቸው ሰዎች ነው።

የሥጋ ደዌ ጣት አይበላም። ብዙዎቻችን ይበላል ሲባል ሰምተን አድገናል፤ ስሕተት ነው። ኖርዌያዊው ሐኪም ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው ተሕዋስ የሚያጠቃው ቆዳንና ነርቭን ነው። በክርንና በእጅ አንጓ የሚያልፉት ነርቮች ሲጎዱ ጣቶች ይቆለመማሉ፣ አውራ ጣት ይዝላል፣ ስሜትም ይጠፋል። ስሜት የሌለው እጅ የጋለ ጀበና ሲነካው አይሸሽም። ይቃጠላል፣ ባለቤቱም ሳያውቅ ሥራውን ይቀጥላል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል። ጣቶቹን የሚያሳጥራቸው ይህ ነው።

በአገራችን የዚህ ሕክምና ታሪክ ወደ ጅማ አስቦ ጅማ ካልቀረ ሐኪም ጋር ይገናኛል። አሜሪካዊው ዶክተር ቶማስ ላምቢና የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1928 ከአዲስ አበባ ሲነሡ ዓላማቸው ጅማ ነበር፤ መንገዱ ግን ሆሳዕና፣ ሶዶና ሲዳማ አደረሳቸው። ይህን በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ትምህርት ሰምታችሁት ይሆናል። ያን ያህል የማይወራው፣ ይኸው ሚሲዮን በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ማቋቋሙ ነው። ሆስፒታሉ የተጠራው በዓፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ነው፤ ሰፈሩም እስከ ዛሬ ዘነበወርቅ ይባላል።

የተቆለመመን እጅ ወደ ሥራ የመመለሱ ዘዴ ግን የተፈተነው በሕንድ ነው። በዚያ ከሚሲዮናውያን ወላጆች በ1914 የተወለደው ፖል ብራንድ ሐኪም ከመሆኑ በፊት በእንግሊዝ አገር ለዓመታት አናጢነትና ግንበኝነት ተምሯል። እኔ ይህን ተራ ነገር አድርጌ አላየውም። በ1940ዎቹ መጨረሻ በቬሎር የሕሙማንን እጅ ሲመረምር ጣቶቹ ቢሰንፉም ብዙዎቹ የክንድ ጡንቻዎች ጤነኞች መሆናቸውን አስተዋለ። እንደ አናጢ፣ በደኅናው ዕቃ የተሰበረውን ለመጠገን አሰበ። ጤነኛውን ጅማት (ከከተማችን ስም ጋር የሚመሳሰለው በአጋጣሚ ነው) ከቦታው አላቆ፣ ከቆዳ ሥር አሳልፎ፣ በሰነፈው ጣት ላይ ሰፋው። ከላላ ጣቱ አይሠራም፤ ከከረረ አይዘረጋም። ክራር የሚቃኝ ሰው ይህን ይረዳል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሌላ ችግር መጣ። ይለምኑ ከነበሩት አንዳንዶቹ እጃቸው ሲስተካከል መጽዋች ቀነሰባቸው! ብራንድ ለታካሚዎቹ የእንጨት ሥራ የሚማሩበት ማእከል የከፈተው እጅ ከተጠገነ በኋላ ሥራ እንደሚያስፈልገው ስለገባው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበላችሁ። የሥጋ ደዌ የኃጢአት ምሳሌ ሆኖ ሲሰበክ ስንት ጊዜ ሰማችሁ? በዘሌዋውያን 13 እና 14 ለምጽ የተባለው ልብስንና የቤትን ግድግዳ ጭምር ይይዛል፤ ሐኪሞች ዛሬ የሥጋ ደዌ ከሚሉት ጋር አንድ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ጣቶቻቸው የታጠፉ አባት ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ያን ምሳሌ ሲሰሙ ምን ይሰማቸዋል? በማርቆስ 1 ጌታ ኢየሱስ ሰውየውን የዳሰሰው ገና ሳይነጻ ነው። ሕመሙ ደግሞ ዛሬ በነጻ በሚሰጥ መድኃኒት ይድናል፤ የማያሳክክና ሲነካ የማይሰማ የነጣ ምልክት ቆዳው ላይ ያየ ሰው ቶሎ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

እ.ኤ.አ. በ1965 በዘነበወርቅ ሆስፒታል ላይ አለርት ተመሠረተ፤ ከመላው አፍሪካ የሚመጡ ባለሙያዎችም የሚሠለጥኑበት ሆነ። ቀዶ ሕክምናው፣ ሰው ሠራሽ እግርና ልዩ ጫማ የሚሠራበት ክፍልም እዚያው ነበሩ። ከሁሉ ይልቅ በከተማው ስሙ የተነሣው ግን ጥልፉ ነው። በሕመሙ የተጎዱ ሰዎች በጥጥ ጨርቅ ላይ በደማቅ ክር የትራስ ልብስ፣ ቦርሳና የግድግዳ ጌጥ ጠልፈው ለገበያ አቀረቡ። ሁሉም ቀዶ ሕክምና ያገኙ አልነበሩም። ብዙ ሰው ግን ጥልፉን የሚገዛው በምሕረት እንጂ በውበቱ እንዳልሆነ አድርጎ ያወራል፤ በዚህ አልስማማም። ጥልፍ ሞክራችሁ ከሆነ ሥራው ምን ያህል በጣት ስሜት ላይ እንደሚደገፍ ታውቃላችሁ፤ ከጨርቁ ሥር የምትወጣውን መርፌ የምናገኛት ሳናያት ነው። ጣቷ የማይሰማላት ሴት ግን መርፌዋን በዓይኗ መከተል አለባት፤ ስትገባም ስትወጣም። ቢወጋት አታውቅምና ሥራዋን እየገታች እጇን ታገላብጣለች፣ ደም አለመኖሩን ታያለች፣ ከዚያ ቀጣዩን ክር ትመርጣለች።